ሁለት ዓይነት ዝንብ አዳቅዬ ሦስት ለአንድ አልወጣልኝም፤ ጸጉሩን የሚወስኑት ስንት ጂኖች ናቸው?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው ጅማ ውስጥ የባዮሎጂ መምህር ናቸው። ከጭማቂ ቤት ደጃፍና ከቡና ማጠቢያ ጣቢያ የያዟቸውን የፍራፍሬ ዝንቦች በብልቃጥ አረቡ። ሆዳቸው ሥር ብዙ ጸጉር ያላቸውን ጥቂት ካላቸው ጋር አዳቀሉ። በሁለተኛው ትውልድ ሜንዴል ያለው ሦስት ለአንድ (ሦስቱ አንዱን ወላጅ፣ አንዱ ሌላውን የሚመስል) ይወጣል ብለው ሲጠብቁ፣ መሃሉ ላይ የተከመረ፣ ወደ ዳርና ዳር እየሳሳ የሚሄድ ቁጥር አገኙ። «ይህን የሚሠሩት ስንት ጂኖች ናቸው? የትኞቹስ ናቸው? ያለኝ ስቴሪዮ ማይክሮስኮፕ፣ ብልቃጥና የሚቆራረጥ መብራት ነው፤ በዚህ ልደርስበት እችላለሁ?»

ሙከራዎ አልተበላሸም። መውጣት የነበረበት ያገኙት ክምር ነው። «ስንት ጂን» ለሚለው በእጅዎ ባለው መሣሪያ የሚያገኙት ቁጥር ግን «ከዚህ አያንስም» የሚል ብቻ ይሆናል። «የትኛው ጂን» የሚለውን ለጊዜው ይተዉት። «ምን ያህሉ ይወረሳል» እና «በየትኛው ክሮሞዞም ላይ ምን ያህሉ ተቀምጧል» የሚሉትን ሁለቱን ግን ጅማ ውስጥ፣ ያለ ዲኤንኤ ማሽን፣ በደንብ መመለስ ይችላሉ።

መጀመሪያ ስለ ክምሩ። አንድን ጠባይ እኩል አቅም ያላቸው ጂኖች ይወስኑታል እንበል። አንዱ ወላጅ የሚጨምሩትን አሌሎች (የአንድ ጂን ልዩ ልዩ መልኮች) ሁሉ፣ ሌላው የሚቀንሱትን ሁሉ ይዟል። ጂኑ አንድ ከሆነ በሁለተኛው ትውልድ ከአራት ዝንቦች አንዱ ልክ እንደ አንደኛው ወላጅ ይሆናል። ሁለት ጂን ከሆነ ከ16 አንዱ፣ ሦስት ከሆነ ከ64 አንዱ፣ አምስት ከሆነ ከ1,024 አንዱ፣ አሥር ከሆነ ከ1,048,576 አንዱ። 300 ዝንብ ቆጥረው ወላጁን የሚመስል ካጡ፣ አምስት ጂን እንኳ ለዚያ ይበቃል። በዚህ ላይ የምግቡ፣ የሙቀቱና በእድገት ጊዜ የሚያጋጥመው መዛነፍ ሲጨመር በክፍሎቹ መካከል ያለው ክፍተት ይደፈንና ቁጥሩ የደወል ቅርጽ ይይዛል። ኒልሰን ኤህሌ በስንዴ ፍሬ ቀለም ላይ እ.ኤ.አ. በ1909 ያሳየው ይህንኑ ነው። ሮናልድ ፊሸር ደግሞ በ1918 የሜንዴል ሕግና እንደ ቁመት ያለው ቀጣይ ልዩነት እንደማይጣሉ በሒሳብ አሳየ። ክምሩን የሚሠሩት ጂኖች እያንዳንዳቸው ሜንዴልን ይታዘዛሉ። እኛ የምናየው ድምራቸውን ስለሆነ ነው የማይታየን።

በእርስዎ ማዳቀል ላይ ግን አንድ ሌላ ችግር አለ። ወላጆቹ ከዱር የተያዙ ወይም የዱሮቹ ልጆች ናቸው። ሜንዴል የተጠቀመባቸው አተሮች ዘራቸው የጠራ ነበር። የእርስዎ ባለ ብዙ ጸጉር ዝንብ የሚቀንሱ አሌሎችንም ተሸክማለች፣ ባለ ጥቂቷም የሚጨምሩትን። ስለዚህ የመጀመሪያው ትውልድ ራሱ አንድ ዓይነት አይሆንም። ጂኑ አንድ ቢሆን ኖሮ እንኳ ንጹህ ሦስት ለአንድ አይጠበቅም ነበር።

ጸጉሩ ለምን በብዙ ጂኖች እጅ እንደሆነ ለመረዳት አሠራሩን ማወቅ ይጠቅማል። የዝንብ ጸጉር የስሜት ሕዋስ አካል ነው፤ ሥሩ ላይ ነርቭ አለው። በቆዳው ላይ ጥቂት ሴሎች ተሰባስበው የነርቭ ዕጩ ይሆናሉ። ለዚህ የሚያበቋቸው በኤክስ ክሮሞዞም ጫፍ ላይ ያሉት የአኬት-ስኩት ጂኖች ናቸው። ከዚያ ኖችና ዴልታ በሚባሉት ጂኖች አማካይነት አንዱ ሴል ጎረቤቶቹን «እናንተ ተዉት» ብሎ ያስቆማል። አሸናፊው ሴል ተከፋፍሎ ዘንጉን፣ መሰኪያውን፣ ነርቩንና የነርቩን ሽፋን ይሠራል። በሁለተኛው ክሮሞዞም ላይ ያለው ስካብረስ፣ በሦስተኛው ላይ ያለው ሄይሪም በዚሁ ሥራ ውስጥ አሉ። ከእነዚህ በአንዱ ላይ ትንሽ የመጠን ለውጥ ሲመጣ አንድ ጸጉር ወይም የአንድ ጸጉር ክፋይ ይጨመራል ወይም ይቀነሳል። የሴል ክፍፍል ፍጥነትን፣ የሰውነት መጠንን፣ የፕሮቲን አመራረትን የሚነካ ሌላ ጂን ሁሉም በጎን በኩል ይገባበታል። ዝንቧ ፕሮቲን የሚሠሩ ወደ 14,000 የሚሆኑ ጂኖች አሏት። ከእነዚህ ምን ያህሉ ጸጉርን በጭራሽ እንደማይነኩ መጠየቅ ይቀላል ብል ማጋነን አይሆንም።

አሁን ወደ ብልቃጡ። የያዙት ምን እንደሆነ ሳያረጋግጡ አይጀምሩ። ከራሷ እስከ ጀርባዋ ነጭ መስመር የተዘረጋባት ዝንብ ዛፕሪዮነስ የምትባል ሌላ ዝንብ ናት፤ ትጣል። የሚያስቸግረው ድሮሶፊላ ሲሙላንስ ነው፤ ሴቶቹን ከምንፈልጋት ከድሮሶፊላ ሜላኖጋስተር ሴቶች ለይቶ ማወቅ እጅግ ከባድ ነው። መፍትሔው እያንዳንዷን ሴት ለብቻዋ ብልቃጥ ውስጥ ማስገባትና ወንድ ልጆቿን ማየት ነው። በወንዱ ብልት ግራና ቀኝ ያለው ቅጠል መሰል ክፍል በሜላኖጋስተር ትንሽና ጠባብ፣ በሲሙላንስ ትልቅና ክብ ነው። ከተረጋገጡት እናቶች ቢያንስ የ30ውን ልጆች ቀላቅለው መነሻ መንጋ ያድርጉ። ከሦስትና ከአራት እናት የተነሣ መንጋ ገና ሳይጀመር ልዩነቱን አጥቷል።

ለአንድ ሊትር ምግብ 8 ግራም አጋር፣ 70 ግራም የበቆሎ ዱቄት፣ 80 ግራም ስኳርና 20 ግራም ደረቅ እርሾ ይበቃል። እርሾው አብሮ ይፍላ። ሕያው ሆኖ ከቀረ ጋዝ ይሠራና ምግቡን ከብልቃጡ ሥር ገፍቶ ያነሣዋል። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ እያማሰሉ ያፍሉት። ከ60 ዲግሪ በታች ሲወርድ 5 ሚሊ ሊትር ፕሮፒዮኒክ አሲድና በአልኮል የተበጠበጠ 10 በመቶ ኒፓጂን (ሻጋታ መከላከያ) 10 ሚሊ ሊትር ይጨምሩ። አሲዱን በጋለው ላይ ካፈሰሱት ግማሹ ይተናል፣ አጋሩም ሳይረጋ ይቀራል፤ በጅማ ክረምት እርጥበት ደግሞ ሻጋታው በሦስተኛው ቀን ይመጣል። በየብልቃጡ 8 ሚሊ ሊትር ያህል ቀድተው፣ ላቡ እስኪደርቅ በሻሽ ሸፍነው ያሳድሩትና በጥጥ ይወትፉ።

የትኛውን ጸጉር መቁጠር እንዳለብዎት ግልጽ ይሁን። በጀርባዋ ጫፍ ባለችው ሦስት ማዕዘን ሰሌዳ ላይ ያሉትን ትልልቅ ጸጉሮች አይምረጡ። ጤነኛ ዝንብ ላይ ሁልጊዜ አራት ናቸው፤ እድገቱ ራሱ አጥብቆ ይዟቸዋል። የሚለያየው የሆዱ ሥር ነው። ስተርናይት ከሚባሉት የሆድ ሰሌዳዎች የመጨረሻውን ይቁጠሩ፤ በሴት ስድስተኛው፣ በወንድ አምስተኛው ነው። ከዚያ በፊት ያለውንም ሰሌዳ ቆጥረው ቢደምሩ በጣም ይሻላል። የአንድ ሰሌዳ ቁጥር በአጋጣሚ መዛነፍ የተሞላ ነው፤ በግራ እግሯ ሥርና በቀኝ እግሯ ሥር ያለው ጸጉር በአንዷ ዝንብ ላይ እንኳ እኩል አለመሆኑ ይህንኑ ያሳያል። 40 ጊዜ የሚያጎላ ማይክሮስኮፕና ብርሃኑ ከጎን የሚመጣ መብራት በቂ ነው። ዝንቦቹን ለማፍዘዝ ብልቃጡን በረዶ ላይ ጥቂት ደቂቃ ያኑሩት። ኤተር በክፍል ውስጥ አይጠቀሙ፤ እሳት ይይዛል። የተገለበጠ የፔትሪ ሳህን በበረዶ ላይ አድርገው ከላዩ ደረቅ ወረቀት ያንጥፉበት፤ አለዚያ ክንፋቸው በጤዛው ይጣበቃል።

ብዙ ጊዜ ሙከራ የሚበላሸው በጂን ሳይሆን በቆጠራ ነው። ብልቃጦቹ ላይ ኮድ ይጻፍ፤ ቆጣሪው የትኛው የብዙ፣ የትኛው የጥቂት ወገን እንደሆነ አይወቅ። 30 ዝንቦችን ሁለት ጊዜ፣ የመጀመሪያውን ሳያዩ ቁጠሩና ልዩነቱን ይመልከቱ። በአማካይ ከአንድ ጸጉር በላይ ከተለያየ ዓይንዎ ገና ስላልተለማመደ መረጃው አይያዝ። ሴትና ወንድ ለየብቻ ይሰላሉ፤ ሴቷ ብዙ ጸጉር ስላላት ሁለቱን መቀላቀል ሁለት ጉብታ ያለው ክምር ይሰጥና «ትልቅ ጂን አገኘሁ» ያሰኛል።

ሙቀትና መጨናነቅም እንደዚሁ። በ25 ዲግሪ ከእንቁላል እስከ ጎልማሳ 10 ቀን ገደማ ይፈጃል፤ በ18 ዲግሪ ያ ጊዜ ወደ እጥፍ ይጠጋል፣ ዝንቡም ተለቅ ይላል። በብልቃጥ ከ50 እንቁላል ብዙም አይለፍ፤ ሁለት መቶ እጭ የተራኮተበት ብልቃጥ ኮሳሳ ዝንብ ይሰጣል። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ኢንኩቤተርን ማመን ከክፍል ሙቀት ይብሳል። ቀን 25፣ ሌሊት ጠፍቶ 16 የሚሆን ሳጥን ከሁሉ የከፋ ነው። የጅማ ቤት ውስጥ ሙቀት ለዝንብ ተስማሚ ነውና ፀሐይ የማያገኘው ግድግዳ አጠገብ አንድ መደርደሪያ ይምረጡ። የቀኑን ዝቅተኛና ከፍተኛ ሙቀት የሚይዝ ቴርሞሜትር ይስቀሉ፣ ሁሉም ወገን በአንድ ቀን ይጀመር፣ የብልቃጦቹም ቦታ በየትውልዱ ይቀያየር። ሙቀቱን መቆጣጠር ካልቻሉ ቢያንስ ለሁሉም እኩል ያድርጉት።

ሙከራው ራሱ መረጣ ይሁን። ከመነሻው መንጋ ስድስት ወገን ያውጡ፦ ሁለት ወደ ላይ፣ ሁለት ወደ ታች፣ ሁለት ያለ መረጣ ለማነጻጸሪያ። በየትውልዱ ከእያንዳንዱ ወገን 50 ወንድና 50 ሴት ይቁጠሩ። ከሁለቱም ፆታ አሥር አሥሩን ጽንፈኞች ለቀጣዩ ወላጅ ያድርጉ፤ በማነጻጸሪያዎቹ ላይ አሥሮቹ በዕጣ ይወጣሉ። ይህ በትውልድ 600 ዝንብ ነው፤ ለአንዷ ግማሽ ደቂቃ ቢፈጅ አምስት ሰዓት፣ ለሁለት ተማሪ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ሴቶቹ ከመረጣ በፊት ከሌላ ወንድ መገናኘት የለባቸውም። በ25 ዲግሪ ከተፈለፈሉ በ8 ሰዓት ውስጥ፣ በ18 ዲግሪ ደግሞ በ16 ሰዓት ውስጥ ይሰብስቧቸው። ሆዳቸው ውስጥ ጠቆር ያለ ነጠብጣብ የሚታይባቸው ገና የተፈለፈሉ ናቸው።

ስሌቱ ቀላል ነው። አማካዩ 18፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 2 ይሁን። ከመቶ 20ውን ጽንፈኛ ሲመርጡ ወላጆቹ ከአማካዩ በ1.4 ስታንዳርድ ዴቪዬሽን፣ ማለትም በ2.8 ጸጉር ይርቃሉ። በላቦራቶሪ መንጋዎች ላይ የሆድ ጸጉር ተወራሽነት (ከልዩነቱ በውርስ የሚተላለፈው ድርሻ) 0.5 አካባቢ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ የልጆቹ አማካይ በ1.4 ጸጉር ከፍ ይላል። የእርስዎን ተወራሽነት ለማግኘት የላይኛውና የታችኛው ወገን ልዩነት በየትውልዱ ምን ያህል እንደሰፋ በተደመረው የመረጣ መጠን ላይ ሪግሬሽን ይሥሩ። የአንድ ወገን ብቻ ሒሳብ የሙቀት ለውጥን ከመረጣ ለይቶ አያሳይም። በአሥር ትውልድ ውስጥ የላይኛው ወገን በመነሻው መንጋ አንድም ዝንብ ላይ ያልነበረ ቁጥር ያልፋል። አዲስ ጂን ስለተፈጠረ አይደለም፤ በተለያዩ ዝንቦች ላይ ተበታትነው የነበሩ የሚጨምሩ አሌሎች አንድ ላይ ስለመጡ ነው። የብዙ ትናንሽ ጂኖች ዋነኛው ማስረጃ ይህ ነው፤ ከደወሉ ቅርጽ ይልቅ እኔ የማምነው ይህንን ነው። ጅማ ላይ በመረጣ የተገኘውን፣ 74110 የሚባለውን የቡና ዝርያ የማያውቅ ገበሬ የለም። ቡና ለማፍራት ሦስት አራት ዓመት ስለሚጠይቅ አሥር ትውልዱ የሰው ዕድሜ ግማሽ ይወስዳል፤ ዝንቧ በግማሽ ዓመት ትጨርሳለች።

ከሚያጋጥሙት እንቅፋቶች ሁለቱን ልዘርዝር። የመጀመሪያው፣ የታችኛው ወገን በድንገት ሲወድቅ፣ ውድቀቱም በሴቶቹ ላይ ብቻ ሲሆን፣ ጸጉሩም ቀጭንና አጭር ሲሆን፣ እድገቱም ሲዘገይ፣ ያ ትንሽ ጂን አይደለም። ቦብድ የሚባለው፣ የራይቦዞም አርኤንኤ የሚሠሩ ቅጂዎች በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ሲመናመኑ የሚመጣ ለውጥ ነው። ወንዱ በዋይ ክሮሞዞሙ ላይ ተጨማሪ ቅጂ ስላለው ይተርፋል። ታች በሚመረጡ ወገኖች ውስጥ ደጋግሞ ታይቷል። ሁለተኛው፣ መረጣው በስምንተኛው ወይም በአሥረኛው ትውልድ ቆሞ ሳለ ልዩነቱ ግን ያልጠፋ መሆኑ ነው። ያን ጊዜ የሚጨምረው አሌል በጥንድ ሲሆን ይገድላል ወይም ያመክናል ማለት ሊሆን ይችላል። መረጣውን ለአራት አምስት ትውልድ ያቁሙት። አማካዩ በራሱ ወደ መነሻው ከተመለሰ ተፈጥሮ ወደ ኋላ እየጎተተው ነው። ማዘርና ሃሪሰን ይህን መመለስ በ1949 በዝርዝር አሳይተዋል። አሥር ወንድና አሥር ሴት ብቻ ወላጅ ሲሆኑ በየትውልዱ የዘመድ መዳቀሉ 2.5 በመቶ፣ በአሥር ትውልድ 22 በመቶ ገደማ እንደሚደርስም አይርሱ። ሁለት ሁለት ወገን ያስፈለገውም ለዚህ ነው፤ በአንዱ ላይ ብቻ የታየ ነገር የዕጣ ውጤት ሊሆን ይችላል።

አሁን «ስንት» ወደሚለው። ወገኖቹ ከተራራቁ በኋላ የላይኛውን ከታችኛው ያዳቅሉ። የአማካዮቹን ልዩነት በራሱ ያባዙ። ከሁለተኛው ትውልድ ቫሪያንስ (ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ በራሱ ሲባዛ) የመጀመሪያውን ትውልድ ቫሪያንስ ይቀንሱ፣ ውጤቱን በ8 ያባዙና ፊተኛውን ለኋለኛው ያካፍሉ። አማካዮቹ 30 እና 10፣ ቫሪያንሶቹ 9 እና 4 ቢሆኑ፣ 400 ለ40 ሲካፈል 10 ይመጣል። ይህ የካስልና ራይት ስሌት ይባላል። ግን አሥር ጂን ነው ብለው አይጻፉ። ስሌቱ የጂኖቹ አቅም እኩል ነው፣ የሚጨምሩት ሁሉ በአንዱ ወገን ናቸው፣ በአንድ ክሮሞዞም ላይ ተጣብቀው አይጓዙም ብሎ ያስባል። ሦስቱም ስህተት ናቸው፣ ሦስቱም ቁጥሩን ወደ ታች ይጎትቱታል። በተለይ መጣበቁ፦ ዝንቧ አራት ጥንድ ክሮሞዞም ብቻ አላት፣ አራተኛው ከቁጥር የማይገባ ኢምንት ነው፣ በወንዱ ደግሞ ክሮሞዞሞች ጭራሽ ቁራጭ አይለዋወጡም። አጠገብ ለአጠገብ ያሉ ሃያ ጂኖች በአንድ ላይ እንደ አንድ ይቆጠራሉ። የአፍሪካ ዝንቦች ደግሞ የተገለበጡ የክሮሞዞም ክፍሎች ስለሚበዙባቸው መለዋወጡ በሴቶቹም ላይ ይታገዳል።

ከዚህ የሚሻለው ሦስቱን ትልልቅ ክሮሞዞሞች ለየብቻ መመዘን ነው። ባላንሰር የሚባሉ፣ በዓይን የሚታይ ምልክት የተሸከሙና ቁራጭ መለዋወጥን የሚያግዱ ክሮሞዞሞች ያሏቸውን ዝርያዎች ያስፈልግዎታል፤ ለኤክስ ኤፍኤም7፣ ለሁለተኛው ሲዋይኦ፣ ለሦስተኛው ቲኤም3 ወይም ቲኤም6ቢ የተለመዱ ናቸው። የላይኛውና የታችኛው ወገን ክሮሞዞሞች በሁሉም ዓይነት ሲቀናጁ ስምንት ቅንጅት ይወጣል። በእያንዳንዱ ቢያንስ 50 ዝንብ ይቁጠሩ። ባላንሰሩን ራሱን የተሸከመች ዝንብ አይቁጠሩ፤ ቲኤም3 ላይ ያለው ስታብል ጸጉሩን ያሳጥራል፣ ቲኤም6ቢ ላይ ያለው ሂዩመራል ደግሞ በትከሻ ላይ ጸጉር ይጨምራል። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሦስቱም ድርሻ እንዳላቸው ነው። ሁለት ክሮሞዞሞች አብረው ሲገኙ የሚያመጡት ለየብቻ ከተለኩት ድምር ሲበልጥ ወይም ሲያንስ ጂኖቹ እርስ በርስ እየተነካኩ ነው። ቶዴይ በ1961 ያስተዋወቀው መንገድ ይህንን ምልክት በሚሆኑ ጂኖች እየቆራረጠ ወደ ክሮሞዞሙ ቁራጭ ያወርደዋል። ትዕግሥትና ብዙ ብልቃጥ ካለ ለማስተርስ ጽሑፍ ይበቃል።

ጂኑን በስሙ ማግኘት ሌላ ዓለም ነው። የዘረመል ተመራማሪዋ ትሩዲ ማካይና ባልደረቦቿ ከሰሜን ካሮላይና ከተማ ራሌይ የተያዙ ሴቶችን ልጆች ለ20 ትውልድ ወንድምና እህት እያዳቀሉ ዘራቸው የጠራ እንዲሆን አደረጉ፤ በ2012 የ168ቱን፣ በ2014 የ205ቱን ሙሉ የዘረመል ንባብ አወጡ። በእያንዳንዱ ዘር ላይ ብዙ ዝንብ ተቆጥሮ ስለሚታረም መረጃው ንጹህ ነው። ይህም ሆኖ ሒሳቡን ይመልከቱ። ከልዩነቱ 1 በመቶውን ብቻ የሚያስረዳ የዲኤንኤ ቦታን ለአንድ ሙከራ በ0.05 ደረጃ (ምንም ሳይኖር በአጋጣሚ የማለፍ ዕድሉ 5 በመቶ ሲሆን)፣ በ80 በመቶ ዕድል ለማየት 785 ያህል ናሙና ያስፈልጋል። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቦታዎች አብረው ሲፈተኑ ግን ደረጃው ይጠብቃል፤ በ0.00001 ቢሆን 2,770 ገደማ ይጠይቃል። 205 ዘር በዚያ ደረጃ በአስተማማኝ ሁኔታ የሚያሳየው ከልዩነቱ 13 በመቶ የሚደርሰውን የሚያስረዳ ቦታ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ደግሞ በጸጉር ቁጥር ላይ ብርቅ ነው። ከዚህ የሚከተል አንድ ወጥመድ አለ፦ በትንሽ ናሙና ደረጃውን ያለፈ ጂን ያለፈው በከፊል በዕድል ስለሆነ፣ የሚዘገበው አቅሙ ከእውነተኛው ይበዛል። 80 ዝንብ ፈትሸው «ከልዩነቱ ሩቡን የሚያስረዳ ጂን አገኘን» የሚል ካነበቡ ቁጥሩን ቀንሰው ይቀበሉ።

ሌላው ደግሞ የአንድ አገር ዝርዝር ለሌላው አይሠራም። የኢትዮጵያ የደጋ ዝንቦች ለዚህ ግሩም ምሳሌ ናቸው። ከፍቼ የተያዙት ክንፋቸው ከቆላ አፍሪካ ዝንቦች ይተልቃል። የኢትዮጵያ ዝንቦች ጥቁረት በዝርያው ከታየው ከፍተኛው ሲሆን፣ ከሰሐራ በታች ባሉ አገሮች ጥቁረቱ ከሁሉ ይበልጥ የሚዛመደው ከአልትራቫዮሌት ጨረር ብርታት ጋር ነው። ጥቁረቱን የሚያመጡት ቦታዎች ሲፈለጉ ግን ከአንድ አካባቢ የተገኙ የተለያዩ ዘሮች በከፊል የተለያየ መልስ ሰጡ። ተመሳሳይ ጥቁረት በተለያየ የአሌል ድምር ይደረሳል። የጅማ ዝንብ ጸጉርም ከራሌይ ጋር ዝርዝሩ እንዲመሳሰል አይጠብቁ።

ስለዚህ አሁን ከተቆጠሩት ዝንቦች ጀምሮ፣ ከእያንዳንዱ ወገን በየትውልዱ 50 ዝንብ በ95 በመቶ ኤታኖል ውስጥ ያስቀምጡ፤ ከፋርማሲ የሚገዛው 70 በመቶ ለዓመታት ዲኤንኤውን በደንብ አያቆይም። በብልቃጡ ውስጥ በእርሳስ የተጻፈ ወረቀት ይግባ፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይሟሟል። ወገኑን፣ ትውልዱን፣ ፆታውንና ቀኑን ይጻፉበት፣ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ያኑሩት። የንባብ ዕድል ሲገኝ የ50ዎቹ ዲኤንኤ በአንድ ላይ ተቀላቅሎ ይነበባል፤ በሁለቱ የላይኛ ወገኖች አብሮ ወደ ላይ፣ በሁለቱ የታችኛ ወገኖች አብሮ ወደ ታች የሄደው አሌል ያን ጊዜ ይለያል።